ተጨማሪ መረጃ፦ አብሮ ለመሥራት የሚያስቸግሩ ጠባዮች

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ስብዕናን ከሚመዝኑባቸው አምስት ዐበይት ባሕርያት አንዱ ተስማሚነት ነው። ይህ ባሕርይ ዝቅ ያለበት ሰው ተጠራጣሪ፣ ግትርና ለጠብ ቅርብ ይሆናል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ይህን ለማወቅ መጠይቅ አያስፈልግም፤ ወንፈል ይበቃል።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ አጨዳ ሲደርስ ገበሬዎች በወንፈል፣ ማለትም በየተራ፣ አንዱ የሌላውን ማሳ ያጭዳሉ። የራሱ ተራ ሲደርስ ጎህ ሳይቀድ ሰው የሚቀሰቅስ፣ የሌላው ሲሆን ግን ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ማጭዱን አንጠልጥሎ ብቅ የሚል አይጠፋም። የሠራውን እያንዳንዱን ነዶ የሚቆጥርም አለ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቂመኛው ነው። ዳተኛውን ይመክሩታል፣ ቆጣሪውን ይችሉታል፤ ቂመኛው ግን ሽማግሌ አስታርቆት ከተነሣ በኋላም የከረመውን የድንበር ነገር በሥራ መሐል ያነሣል።

ይሁን እንጂ ጠብን ሁሉ በጠባይ ማሳበብ ስሕተት ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አላን ሆበን በዚሁ በጎጃም፣ በደጋ ዳሞት፣ ስለ መሬት ሥሪት ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ አሳትሟል። በጥናቱ መሠረት፣ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ስለነበር፣ አንዱን መሬት ብዙ ዘመዳሞች ይሟገቱበት ነበር። ሙግቱን የወለደው የሰዎቹ ክፋት ብቻ ሳይሆን የመሬት ሥሪቱም ጭምር ነው። ያ ሥሪት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ።

እናንተም በቡድን ሥራ ላይ አንዱን ጓደኛችሁን “አስቸጋሪ” ከማለታችሁ በፊት፣ ሥራው በእኩል መከፋፈሉን አረጋግጡ።