በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች የነበሩ የኦፔራና የሲኒማ ቤቶች፤ የታሪካቸው ምንጮችና የምርመራቸው መንገድ

የአንድን ሕዝብ አኗኗር የሚያጠና ሰው ሕዝቡ የሚሠራበትን፣ የሚጸልይበትንና የሚዳኝበትን ስፍራ እንደሚመረምር ሁሉ፣ ለጨዋታ የሚሰበሰብበትንም ስፍራ ሊመረምር ይገባዋል። ሰዎች ለሥራ ሲሰበሰቡ የሚያስተባብራቸው ግዴታ ነው፤ ለጨዋታ ሲሰበሰቡ ግን ማን ከማን አጠገብ ለመቀመጥ እንደሚፈቅድና እንደማይፈቅድ በግልጽ ይታያል። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በየትንንሹ ከተማ የተሠሩት የኦፔራ ቤቶችና በኋላ የተተኩባቸው የሲኒማ ቤቶች ለዚህ ዐይነቱ ጥናት እጅግ የተመቹ ናቸው። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ታሪክ ባንድ መጽሐፍ ተሰብስቦ አይገኝም፤ የሚገኘው ስለ ቴአትር ግድ ባልነበራቸው ሰዎች መዝገብ ውስጥ ተበታትኖ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማስረጃዎቹ ምን ምን እንደ ሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የሚናገሩትንና የሚሸሽጉትን ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ «ኦፔራ ቤት» የሚለው ስም ራሱ ተመራማሪውን እንዳያሳስተው ያስፈልጋል። በነዚህ ቤቶች ውስጥ ኦፔራ የሚዘፈነው ከስንት አንድ ጊዜ ነበር። መድረኩን በብዛት የያዙት ከከተማ ወደ ከተማ የሚዘዋወሩ የቴአትር ጓዶች፣ የምርጫ ተናጋሪዎች፣ የትምህርት ቤት የምረቃ በዓሎች፣ ዳንስ፣ እንዲሁም ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው በጥቁሮች የሚያፌዙበት ትርዒት ናቸው። ታዲያ ስሙ ለምን ተመረጠ ቢባል፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቴአትርን የኃጢአት መግቢያ አድርገው ይመለከቱት ስለ ነበረ ነው። «ቴአትር» የተባለውን ቤት የሚሸሽ ምእመን፣ «ኦፔራ» የሚለው ቃል የትምህርትና የጨዋነት መልክ ስላለው፣ ወደዚያኛው ያለ ኀፍረት ይገባ ነበር። በአዲስ አበባም ከመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው የታወቀ ነው። እዚያ ባለቤቱ ስም በመለወጥ ጥርጣሬውን ሊያመልጥ ሞከረ፤ እዚህ ደግሞ ሕዝቡ ጥርጣሬውን ራሱን ስም አድርጎ አወጣው። ስለዚህ የቤት ስም ውስጡ የሚደረገውን ባያስረዳም፣ ሕዝቡ ስለ ቤቱ የነበረውን አሳብ ሊያስረዳ ይችላል።

የቤቶቹም አሠራር የራሱ ትርጉም አለው። በብዙ ከተማ ምድር ቤቱ ለሱቅ ወይም ለባንክ ይከራያል፤ አዳራሹ የሚገኘው ፎቅ ላይ ነው፤ የአዳራሹ ገቢ ብቻውን ሕንጻውን ሊያቆም አይችልምና። አንዳንድ ጊዜም ሕንጻው የከተማው አስተዳደር ነበር። በኢሊኖይ ግዛት በዉድስቶክ ከተማ በ1889 የተሠራው ኦፔራ ቤት የከተማውን ምክር ቤት፣ የመጻሕፍት ቤቱንና የእሳት አደጋ ተከላካዮችን ባንድነት ይዞ ነበር። በኮሎራዶ ግዛት በማዕድን ቆፋሪዎቹ ከተማ በሴንትራል ሲቲ በ1878 የተከፈተው ደግሞ በድንጋይ የታነጸ ነው። ትንሽ የማዕድን ከተማ ይህን የመሰለ ቤት የሚሠራው ለጨዋታ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ከተማው በአንድ ጀምበር የሚበተን የድንኳን ሰፈር አለመሆኑን ለባንኮችና ለባቡር ኩባንያዎች ለማሳየት ጭምር ነበር።

የቤቶቹን ሕይወት የወሰነው የባቡር ሐዲድ ነው። ዘዋሪው ጓድ ከአንዱ ትልቅ ከተማ ወደ ሌላው ሲሄድ በመካከል ባለው ትንሽ ከተማ አንዲት ሌሊት ተጫውቶ የመንገዱን ወጪ ይሸፍናል። ሚያዝያ 23 ቀን 1896 ተንቀሳቃሽ ሥዕል በኒውዮርክ የሙዚቃ አዳራሽ ለከፋይ ሕዝብ ከታየ በኋላ ግን ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በ1905 በፒትስበርግ አምስት ሳንቲም የሚያስከፍለው ሲኒማ ቤት ተከፈተና አምሳያዎቹ በአገሩ ሁሉ ተስፋፉ። በሣጥን የሚመጣው ፊልም ምግብና መኝታ ከሚሻው ጓድ ይልቅ ርካሽ ስለ ሆነ፣ የኦፔራ ቤቶቹ ግማሾቹ ሸራ ሰቅለው ሲኒማ ቤት ሆኑ፤ ግማሾቹ ወደ መጋዘንነት ወረዱ። ከ1927 በኋላ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ አዲስ መሣሪያ ለመግዛት አቅም ያጡት ተዘጉ።

እንግዲህ የአንዱን ቤት ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ተመራማሪ በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባ ነገር፣ ቤቱን በስሙ ሳይሆን በቆመበት ቦታ መከተል እንዳለበት ነው። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ስም ይለወጣል፤ አንድ ስምም ከተቃጠለ ቤት ወደ አዲስ ቤት ይዛወራል። በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው አንዱን ቤት ሦስት፣ ሦስቱንም አንድ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ በአውራጃው ፍርድ ቤት ከሚገኘው የመሬት ሽያጭና የግብር መዝገብ መነሣት ይሻላል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚጠቅመው ለእሳት ኢንሹራንስ የተሠራው ካርታ ነው። በ1867 የተቋቋመው የሳንቦርን ኩባንያ 12,000 ያህል ከተሞችን በካርታ አንሥቷል፤ ካርታዎቹንም በየጥቂት ዓመቱ ያድሳቸው ነበር። ከነዚህ ብዙዎቹ በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በካርታው ላይ የሸክላ ቤት በሐምራዊ፣ የእንጨት ቤት በቢጫ፣ የድንጋይ ቤት በሰማያዊ ቀለም ይታያል፤ አዳራሹ በስንተኛው ፎቅ እንደ ሆነ፣ መብራቱና ማሞቂያው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ተጽፏል። ካርታውን የሠራው ሰው የቴአትር ወዳጅ አይደለም፤ የሚፈራው እሳትን ብቻ ነው። ስለዚህም ቤቱን ለማሞገስ ምክንያት የለውም፤ ጉድለቱ ግን ከግድግዳው በቀር በውስጡ ስለ ተቀመጡት ሰዎች አንዳች አለመናገሩ ነው።

ከ1896 ጀምሮ በየጊዜው የታተመው የጁልየስ ካን የቴአትር መምሪያ ሌላ ዐይነት ምስክር ነው። የእያንዳንዱን ከተማ ቴአትር ቤት የመቀመጫ ብዛት፣ የመድረኩን ስፋት፣ የመብራቱን ዐይነት፣ የሆቴሎቹንና የጋዜጦቹን ስም ይዘረዝራል። ነገር ግን መምሪያው የታተመው የዘዋሪ ጓዶችን አስተዳዳሪዎች ለመርዳት ነው፤ መቀመጫውን አብዝቶ መናገር ደግሞ ለቤቱ ባለቤት ይጠቅመዋል። ስለዚህ በመምሪያው የተጻፈው ቁጥር በካርታው ላይ ካለው የአዳራሹ ስፋት ጋራ ሳይመዘን ሊጠቀስ አይገባም። ለሲኒማው ዘመን የሚጠቅመው ኤግዚቢተርስ ሄራልድ የተባለው የንግድ መጽሔት ነው። ከ1916 ጀምሮ በወጣው አንድ ዐምድ የትንንሽ ከተሞች ሲኒማ ቤት ባለቤቶች የትኛው ፊልም ሰው እንደ ሳበላቸው፣ የትኛው እንዳከሰራቸው፣ በየትኛው ሌሊት ዝናም ወይም በረዶ እንዳስቀረባቸው በራሳቸው ቃል ጽፈዋል። ባለቤቱ የሚያውቀው ግን ትኬት የገዛውን ሰው ነው፤ ያልገባውን ለምን እንዳልገባ አይጠይቀውም።

የከተማው ጋዜጣ ከሁሉ የበለጠ ዝርዝር ይዟል፤ ዛሬም ብዙው በኮምፒዩተር ሊነበብ ይችላል። ሆኖም ጋዜጣው ከቴአትር ቤቱ የማስታወቂያ ገንዘብ ይቀበል ስለ ነበረ ትርዒትን ሲነቅፍ የሚታየው ጥቂት ጊዜ ነው። አስቸኳይ ወሬንም ሳያጣራ ያትማል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በፔንሲልቬንያ ግዛት በቦየርታውን ከተማ ጥር 13 ቀን 1908 የደረሰው የሮድስ ኦፔራ ቤት ቃጠሎ ነው። በዚያ ሌሊት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሚያሳዩትን ጨዋታ ለማየት በፎቁ አዳራሽ ከተሰበሰበው ሕዝብ ከ170 የማያንስ ሰው ሞተ። ወዲያው በወጡ አንዳንድ ጋዜጦች የአደጋው ምክንያት የሥዕል ማሳያው መሣሪያ ፍንዳታ ነው ተባለ። በኋላ በተደረገው ምርመራ ግን መሣሪያው የቆመ ሥዕል የሚያሳይ ፋኖስ እንደ ነበረ፣ ጋዙ ሲያፏጭ ሕዝቡ እንደ ደነገጠ፣ በግርግሩም በመድረኩ ጫፍ የተደረደሩት የላምባ መብራቶች ተገልብጠው እሳቱን እንዳስነሡ ታወቀ። ሰዎቹን የፈጀው እሳቱ ብቻ ሳይሆን የመውጫው ጥበት ጭምር ነበር፤ በሚቀጥለውም ዓመት ግዛቱ ስለ ሕዝብ አዳራሾች መውጫ ሕግ አወጣ። በመጀመሪያው ቀን ጋዜጣ ብቻ የሚረካ ጸሐፊ አደጋውን የሲኒማ ታሪክ ክፍል ያደርገዋል፤ እውነተኛው ጥፋት ግን በበሩና በደረጃው ላይ ነበር።

የሕዝብ ትውስታም እንዲሁ ሊመዘን ይገባዋል። ዝነኛ ሰው በከተማችን መድረክ ቆሟል የማይል ከተማ ጥቂት ነው። አንዳንዱ ወሬ እውነት ነው፤ ኦስካር ዋይልድ በ1882 በኮሎራዶ ተራሮች በሌድቪል ከተማ በታቦር ኦፔራ ቤት ንግግር ማድረጉ የተረጋገጠ ነው። አንዳንዱ ግን ከጎረቤት ከተማ የተወሰደ ወሬ ስለሚሆን፣ የዕለቱ ጋዜጣ ሳይታይ መቀበል አይገባም።

ነገር ግን የቃል ምስክርነት ከማንኛውም ጽሑፍ የሚበልጥበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የዘር ልዩነት ነው። የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1896 ዘርን ከዘር መለየት የተፈቀደ ነው ብሎ ከፈረደ ወዲህ፣ በተለይ በደቡብ ግዛቶች፣ ጥቁር ተመልካች ትኬቱን በሌላ መስኮት ገዝቶ፣ በጎን በኩል ባለው በር ገብቶ፣ ለብቻው በተሠራው ጠባብ ደረጃ ወደ ላይኛው ሰገነት ይወጣ ነበር። ይህም በቴአትርና በሲኒማ ቤቶች በሕግ የተከለከለው በ1964 ነው። የነጮች ጋዜጣ ይህን እንደ ተፈጥሮ ነገር ስለ ቈጠረው፣ ከማስታወቂያ መስመር አልፎ የሚጽፈው ጥቂት ነው። ከታች የተቀመጡ ሰዎች ሲጠየቁ የሚያስታውሱት የፊልሙን ስምና የመጋረጃውን ውበት ነው፤ ከላይ የተቀመጡት ግን የደረጃውን ጨለማና የመቀመጫውን ጥንካሬ ይናገራሉ። ሁለቱም ምስክሮች እውነት ተናግረዋል፤ አንደኛው ብቻ የተጠየቀ እንደ ሆነ ግን ታሪኩ ሐሰት ይሆናል። ከዚህም በቀር ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው ያቋቋሟቸው ቤቶች ነበሩ፤ በጆርጂያ ግዛት በአቴንስ ከተማ በ1910 የተከፈተው የሞርተን ቴአትር አንዱ ነው። የእነዚህ ቤቶችና የተዋንያኑ ወሬ የሚገኘው በኢንዲያናፖሊስ ይታተም እንደ ነበረው እንደ ፍሪማን ባሉት የጥቁሮች ጋዜጦች ነው።

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። በ1966 ታሪካዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ሕንጻ በብሔራዊ መዝገብ ሲገባ ታሪኩ ተጽፎ ይቀርባል፤ ሕንጻው ሲታደስም የሚጠበቀውና የሚፈርሰው በዚያ ታሪክ ላይ በመመርኮዝ ይታሰባል። ታሪኩ ስለ መድረኩና ስለ ወርቅ ቅቡ ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ የጎኑ በርና ጠባቡ ደረጃ ለመጸዳጃ ቤት ወይም ለአሳንሰር ቦታ ይለቃሉ፤ የሚጎበኘው ወጣትም ሕዝቡ ሁሉ ባንድ በር ይገባ እንደ ነበረ አምኖ ይሄዳል። ካርታው፣ መምሪያውና ጋዜጣው በቤተ መጻሕፍት ስለ ተቀመጡ ሊቈዩ ይችላሉ። በዚያ ደረጃ ወጥተው በሰገነቱ የተቀመጡት ሰዎች ግን፣ በ1964 ልጆች የነበሩት እንኳ፣ ዛሬ አርጅተዋል። ስለዚህ ተመራማሪው ወደ መዝገቡ ከመሄዱ በፊት ወደ እነርሱ መሄድ ይገባዋል።