ከጓሳ እስከ ጉባ፦ የአንድ ሊትር ውኃ ሂሳብ

መንዝ ጌራ ምድር፣ ጓሳ ላይ የሚጥለው ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። ወደ ምሥራቅ የፈሰሰው በኤፍራታና በይፋት በኩል ገደሉን ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል፤ ባሕር ሳያይም አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ወደ ምዕራብ የፈሰሰው በአዳባይና በወንጪት አድርጎ ጀማ ይገባል፤ ጀማ ደግሞ ለዓባይ ይገብራል። ይህ ሁለተኛው ውኃ ዛሬ ጉባ ላይ የታላቁን የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተርባይን ያዞራል። ጉልበት፣ ኃይል፣ ማግኔትና ኤሌክትሪክ የሚባሉት የፊዚክስ አርእስት ሁሉ በዚህ መንገድ ላይ በተራ ይገኛሉ።

ጉልበት ማለት ግፊት ወይም ስበት ነው፤ የቆመውን ያስነሣል፣ የሚሄደውን ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ መሬት ይህን ውኃ ወደ ራሷ የምትስብበት ጉልበት 9.8 ኒውተን ነው። ጉልበት አንድን ነገር ሲያንቀሳቅስ ሥራ ተሠራ ይባላል፤ ሥራ የመሥራት አቅም ደግሞ ኃይል ነው። መለኪያው ጁል ነው። ከፍታ ላይ ያለ ውኃ ገና ሳይወርድ ኃይል አከማችቶ ይዟል።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። 3,500 ሜትር ላይ ያረፈ አንድ ሊትር ውኃ የግድቡ ሐይቅ ሲሞላ ወደሚደርስበት 640 ሜትር ለመድረስ 2,860 ሜትር ይወርዳል። ይህ በ9.8 ሲባዛ 28,000 ጁል ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል እንጂ ያንኑ ውኃ በ7 ዲግሪ እንኳ አያሞቀውም። ጓሳ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሆነ ውኃ በ89 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እንዲያም ሆኖ 9 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውኃ አፍልቶ ሻይ ለመጣድ 12 ሊትር ከጓሳ እስከ ጉባ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁሉ ያስፈልጋል። ሙቀት ኃይል በላተኛ ነው።

ያ 28,000 ጁል ግን ጉባ አይደርስም። ውኃው የሚያግደው ነገር ባይኖር ኖሮ ከዚያ ከፍታ ሲወርድ ፍጥነቱ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ነበር፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ፍጥነት ማለት ነው። ወንዝ እንዲህ የማይሮጠው ሰበቃ ስለሚይዘው ነው። ውኃው ከድንጋይ፣ ከአፈርና ከራሱ ጋር እየተፋተገ ኃይሉን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ከፊሉንም አፈር ለመሸርሸርና ለመሸከም ያውለዋል። የጀማና የዓባይ ሸለቆዎች በብዙ ሚሊዮን ዓመታት የተቦረቦሩት በዚህ ኃይል ነው። የጓሳ ሣር ሥራም እዚህ ላይ ይታያል፦ ጥቅጥቅ ያለው ሣር ውኃውን ገና ከምንጩ ያዘገየዋል፣ ወደ መሬት እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጠዋል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት እየዘጋና እየከፈተ ሲጠብቅ ዋና ሐሳቡ የቤት ክዳን፣ የገመድና የግጦሽ ነበር፤ የተረፈው ጥቅም ግን ለታችኛው አገር ሁሉ ነው። ሰበቃን ጠላት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ከጓሳ ሣር የተገመደ ገመድ እንኳ ሸክም የሚችለው አጫጭር ሰበዞቹ በሰበቃ ስለተያያዙ ነው።

ግድቡ የሚያድነው የመጨረሻውን ቁልቁለት ነው። ውኃው ወደ ተርባይኑ የሚወርደው 130 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአንድ ሊትር የሚገኘው 1,300 ጁል ያህል ነው፤ ከጓሳ ይዞት ከተነሣው 5 በመቶ አይሞላም። የግድቡ የመጀመሪያ ተርባይን ኃይል ማመንጨት የጀመረው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ግድቡ የተመረቀው ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.።

ተርባይኑ ሲዞር በአንድ ዘንግ የተያያዘውን የጄኔሬተር ማግኔት ያዞራል። ማግኔት ሳይነካ ይስባል፣ ሳይነካም ይገፋል። መሬት ራሷ ማግኔት ናት፤ የማግኔቷ የወገብ መስመር ኢትዮጵያን ስለሚያቋርጥ ሰሜን አውሮፓ ውስጥ አፍንጫውን ወደ መሬት የሚደፋው የኮምፓስ መርፌ ጓሳ ላይ አግድም ይተኛል ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ይገፋል። የኤሌክትሮኖቹ ፍሰት ከረንት፣ የሚገፋቸው ቮልቴጅ ይባላል። የኢትዮጵያ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ከረንት ነው።

ይህ ሁሉ በነፃ አይገኝም። በሽቦው የሚሄደው ከረንት በፈንታው ማግኔቱን ወደ ኋላ ይይዘዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲሰካ ጉባ ላይ ያለው ዘንግ ለመዞር ይከብደዋል፤ ፍጥነቱ እንዳይወርድ ተጨማሪ ውኃ ይለቀቅለታል።

ከጉባ እስከ ሆለታ የተዘረጋው መስመር 500,000 ቮልት የሚሸከመውም በምክንያት ነው። ሽቦን የሚያሞቀው ከረንት ነው። ቮልቴጅ 10 እጥፍ ሲጨምር ለተመሳሳይ ኃይል የሚያስፈልገው ከረንት ወደ አንድ አሥረኛ፣ በሙቀት የሚባክነውም ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል። ትራንስፎርመሮች ቮልቴጁን ደረጃ በደረጃ አውርደው ቤት ሲያደርሱት 220 ይሆናል።

በመንገድ የሚባክነው ሳይቆጠር፣ ያ አንድ ሊትር ውኃ ባለ 10 ዋት አምፖል የሚያበራው ለሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ግድቡ 5,150 ሜጋዋቱን ሙሉ ለማመንጨት በየሰከንዱ ከ4,000 ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ይፈልጋል።