ቆሮሶና አምባዛ በአንድ ኩሬ

ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ ጊምቢ የሚጓዝ መንገደኛ ዲዴሳ ወንዝ ሲደርስ ካፖርቱን ያወልቃል። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከተማ ወደ ቆላው ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፤ ከአየሩም ጋር ውኃው ይሞቃል። ይህ ለመንገደኛው የላብ ጉዳይ ብቻ ሲሆን፣ የዓሣ ኩሬ ለማስቆፈር ላሰበ የገበሬ ማኅበር ግን የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነው።

ዓሣ ለወለጋ እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የፊንጫ ግድብ ባስገኘው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ቆሮሶ ይጠመዳል። ከሐይቁ ርቆ የሚኖረው ገበሬ ግን ዓሣ የሚያገኘው ከወንዝ ወይም በራሱ ጉልበት ከሚቆፍረው ኩሬ ነው። ቁፋሮው ብዙ የሥራ ቀን ስለሚበላ፣ የማኅበር መሪዎች አባሎቻቸውን አካፋና ዶማ ከማስያዛቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ።

ይኸውም ቆሮሶን ለብቻው ማርባት የሚያስከትለው ችግር ነው። ቆሮሶ ውኃው ከሞቀለት ገና በጥቂት ወራት ዕድሜው መራባት ይጀምራል። እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ውስጥ ይዛ ስለምትጠብቅ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። እንበልና 400 ጫጩት የተጨመረበት ኩሬ በዓመቱ ሲጠነፈፍ ብዙ ሺህ ዓሣ ይወጣል፤ አብዛኛው ግን ከእጅ ጣት አይበልጥም። ምግቡና አየሩ ለብዙ አፍ ስለተከፋፈለ ዓሣው ቀጭጮ ቀርቷል። ገበሬውም «ዓሣ አይበጀኝም» ብሎ ኩሬውን ለሣርና ለእንቁራሪት ይተወዋል።

ለዚህ መድኃኒቱ አምባዛ ነው። ቆሮሶ በይበልጥ በውኃው ውስጥ የሚበቅሉትን አረንጓዴ ጥቃቅን ዕፅዋት ሲመገብ፣ አምባዛ ትላትሉንም ትናንሽ ዓሣውንም ይበላል። ስለዚህ ትርፉን ጫጩት እየለቀመ ሥጋ ያደርገዋል፤ የቀሩት ቆሮሶዎችም ለገበታ የሚበቃ መጠን ይደርሳሉ።

ይሁን እንጂ ሁለቱን በአንድ ቀን አብሮ መጨመር ስሕተት ነው። ዓሣ ወዳጅና ዘመድ አያውቅም፤ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። በከተማ ቤቶች ለጌጥ በመስታወት ሣጥን ዓሣና ሽሪምፕ አብረው የሚያኖሩ ሰዎችም የሚቸገሩት በዚሁ ሕግ ነው። ስለሆነም ቆሮሶው አስቀድሞ ይገባል፤ አንድ ወይም ሁለት ወር ከቆየ በኋላ ከእርሱ የሚያንስ የአምባዛ ጫጩት ይጨመራል። ለምሳሌ 10 ሜትር በ20 ሜትር ለሆነ ኩሬ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ሒሳብ 400 ቆሮሶ፣ ለአሥር ቆሮሶ አንድ ሒሳብ ደግሞ 40 አምባዛ ለመጀመሪያ ይበቃል።

የኩሬው አፈር ውኃ የማያሰርግ ሸክላማ፣ ጥልቀቱም በአማካይ አንድ ሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው። ውኃውን በፍግ ማዳበር ምግብ ያበቅላል። ክንድን እስከ ክርን ድረስ ቀስ እያሉ ሲነክሩ፣ መዳፍ ከመሰወሩ ጋር ክርን ውኃውን ከነካ ልኩ ደርሷል። ንጋት ላይ ቆሮሶው አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ሲያለከልክ ከታየ አየር አንሶታልና ፍጉ ይቁም፤ ንጹሕ ውኃም ይጨመር። በዚህ ጊዜ አምባዛን አይቶ መዘናጋት አይገባም፤ እርሱ ከውኃው በላይ ያለውን አየር መሳብ ስለሚችል በቀላሉ አይጎዳም።

ተጨማሪ መኖ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ሊሆን ይችላል። በመንዲና በነጆ አካባቢ ሰብልና ቤት የሚያጠፋው ምስጥም ለዓሣ ጥሩ ቀለብ ነው። ሆኖም ያው ምስጥ የኩሬውን ክትር ቦርቡሮ ውኃ ሊያፈስ ስለሚችል ክትሩን ዘወትር መመርመር ያስፈልጋል።

በክረምት ጎርፍ ዓሣውን እንዳይወስድ ለውኃ መውጫው ወንፊት ይደረግለት። አምባዛ በዝናብ ሌሊት በእርጥብ መሬት እየተሳበ ሊያመልጥ ስለሚችልም ዙሪያውን ማጠር ይበጃል። የኩሬው ዳር ሣር ደግሞ የወባ ትንኝ እንዳይራባበት መታጨድ አለበት።

በነቀምቴ ዙሪያ ባለው ደጋ ሁለቱም ዓሦች እድገታቸው ይዘገያል፤ በዚያ ብርድን ይበልጥ የሚችለውን ዱባ የተባለውን ዓሣ መሞከር ይሻላል። በዲዴሳና በአንገር ቆላዎች ግን ቆሮሶና አምባዛ ይስማማቸዋል።

ጫጩት ከወንዝ በመረብ ቢለቀም ዘሩ የተቀላቀለ፣ መጠኑም የተዘበራረቀ ይሆናል። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ቁፋሮው ሳይጀመር የወረዳውን የግብርና ባለሙያ አማክረው፣ ጫጩቱ ከየትና መቼ እንደሚመጣ ቢያረጋግጡ ድካማቸው ከንቱ አይቀርም። አባቶች «ዓሣን መብላት በብልሃት» ሲሉ አጥንቱን አስበው ነበር፤ ለሚያረባው ገበሬ ግን ብልሃቱ የሚጀምረው ጫጩቱን ቆጥሮ ከመጨመር ነው።