አይማውዝ፣ የዓሣ አጥማጆች ከተማ

የዛሬው ንግግራችን አይማውዝ ስለምትባል ትንሽ የስኮትላንድ የወደብ ከተማ ነው። አይማውዝ ከእንግሊዝ ወሰን አጠገብ፣ በሰሜን ባሕር ዳር ትገኛለች። ሕዝቧ ለብዙ መቶ ዓመታት ዓሣ እያጠመደ ኖሯል።

ሥራው የቤተሰብ ሥራ ነበር። ወንዶቹ በሸራ ጀልባ ባሕር ይወጣሉ። ሴቶቹ ደግሞ በረጅሙ ገመድ ላይ ባለው መንጠቆ ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ዓሣ የሚያታልል ምግብ ይሰካሉ። ያ ምግብ ቶሎ ይበላሻል። ባሕር ካልተወጣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

በዚያ ላይ አሥራት ነበረ። አሥራት የእህል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የአይማውዝ ሰው ከያዘው ዓሣ ከአሥር አንዱን ለቤተ ክርስቲያን እንዲሰጥ ይጠየቅ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ በዊልያም ስፒርስ መሪነት እምቢ አሉ። በ1860ዎቹ ከአሥራቱ የተላቀቁት ግን 2,000 ፓውንድ ለመክፈል ተስማምተው ነው። ወደባቸው ጠባብ፣ መግቢያውም አለታማ ነበር። ዕዳው ስለ ተጫናቸው የወደቡ ሥራ ዘገየ።

አሁን ወደ ባሮሜትር እንምጣ። ባሮሜትር የአየርን ግፊት የሚለካ መሣሪያ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ባዜቃ በኃይል ዝቅ ሲል ማዕበል ቀርቧል ማለት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 1881፣ ዓርብ ጧት፣ በአይማውዝ የነበረው ባሮሜትር በጣም ወርዶ ነበር። ባሕሩ ግን ጸጥ ብሏል። ሰዎቹ ምልክቱን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ከዚያ በፊት ባሕሩ ሲናወጥ ስለ ሰነበተ ሥራ ፈተው ነበር፤ ቤት ደግሞ ልጆች አሉ። ወጡ።

እኩለ ቀን ገደማ ማዕበሉ ደረሰ። አንዳንዶቹ ጀልባዎች በወደቡ መግቢያ፣ ቤተሰብ ቆሞ እያየ፣ በአለቱ ላይ ተሰባበሩ። በዚያ ጠረፍ 189 ዓሣ አጥማጆች አለቁ፤ 129ኙ የአይማውዝ ሰዎች ነበሩ።

ታዲያ ምን እንላለን? «ምነው መሣሪያውን ቢሰሙ!» ማለት ቀላል ነው። ምልክትን ማንበብ ትልቅ ነገር ነው። ያነበበ ሰው ግን ያን ቀን ቤቱ የሚያውለው ስንቅ፣ ቢወጣም የሚመልሰው ደኅና ወደብ ያስፈልገዋል። ለሟች ቤተሰቦች ወደ 54,000 ፓውንድ ተዋጣ። ገንዘቡ ግን የመጣው ሰዎቹ ካለቁ በኋላ ነው።

በ1981 መቶኛው ዓመት ሲታሰብ የአካባቢው ሴቶች ታሪኩን በትልቅ ጥልፍ ሠሩት። ከአይማውዝ ወደብ ዛሬም ጀልባ ይወጣል።