የሰይፍ ዓሣ ትኩስ ዓይን

እ.ኤ.አ. በ1967 አልቪን የተባለችው የአሜሪካ የምርምር ሰርጓጅ 600 ሜትር ገደማ ጠልቃ ሳለ አንድ ሰይፍ ዓሣ ድንገት መጥቶ ወጋት። ሰይፉ በአካሏ መጋጠሚያ ተሰንቅሮ አልላቀቅ ስላለ ዓሣው አብሯት ወደ ላይ ወጣ፤ ሰዎቹም አብስለው በሉት። ይህን የመሰለ ወሬ ነው ጦረኛ ያሰኘው። ለእኔ ግን የዚህ ፍጥረት ጉዱ ያለው ከሰይፉ በስተኋላ፣ ዓይኑ ላይ ነው።

ሰይፉ የላይኛው መንጋጋው ወደ ፊት ተስቦ የወጣ ነው፤ ጠፍጣፋ ሲሆን ጎንና ጎኑ ስለታም ነው። ዓሣው መንጋ መሀል ገብቶ ግራና ቀኝ ይሰነዝርበታል፤ ሆዱ ሲቀደድ ለሁለት የተቆረጠ ስኩዊድ ይገኛል። ካደገ በኋላ ጥርስም ቅርፊትም ስለሌለው ያገኘውን ይውጣል እንጂ አያኝክም።

ቀን ቀን 500 ሜትርና ከዚያም በታች ይውላል፣ ሲመሽ ምግቡን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። ታች ጨለማና ብርድ ነው። የአብዛኛው ዓሣ ገላ እንደ ውኃው ይቀዘቅዛል፤ ዓይን ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይፈዛል፣ ሽው የሚል ነገር ያመልጠዋል። ሰይፍ ዓሣ መላ አበጅቷል፦ ከዓይኑ ጡንቻዎች አንዱ ክፍል መኮማተሩን ትቶ ምድጃ ሆኗል። ኃይል አመንጪ በሆኑት የሴል ክፍሎች፣ በማይቶኮንድሪያ፣ የታጨቀ ነው፤ ሥራው ሙቀት ማመንጨት ብቻ። በዙሪያው ያለው የደም ሥሮች መረብ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። በዚህም ዓይኑና አንጎሉ ከውኃው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጥ ይሞቃሉ። ሌላው ገላው ይብረደው ግድ የለውም፤ ሁሉን ላሙቅ ቢል ቀለቡ አይችለውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የሞቀው ዓይን ፈጣን እንቅስቃሴን ከቀዘቀዘው ከአሥር እጥፍ በላይ ይለያል።

በሰዓት 100 ኪሎሜትር ይዋኛል መባሉን ግን አትመኑ፤ በየመጽሐፉ ይገለበጣል እንጂ አስተማማኝ ልኬት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የኔዘርላንድሱ ጆን ቪደለርና ባልደረቦቹ በሰይፉ ሥር የዘይት ዕጢ አግኝተዋል። ዘይቱ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወጥቶ ግንባሩን ስለሚቀባው የውኃውን ፍትጊያ ይቀንስለታል ብለው ያስባሉ።

ግዙፎቹ ሴቶቹ ናቸው። ሴቷ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ ጫጩቱ ሲፈለፈል ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ቺሊ፣ ኢኪኬ አጠገብ በመንጠቆ የተያዘ አንድ ሰይፍ ዓሣ 536 ኪሎ መዝኗል።

በኢጣሊያ የመሲና ወሽመጥ አጥማጆች ከጀልባዋ ረጅም ምሰሶ ጫፍ ሆነው ላይ የተንሳፈፈውን ይቃኛሉ፣ ከፊት ከተዘረጋው መወጣጫ ሆነው በጦር ይወጉታል። ሴቷ ስትወጋ ወንዱ ጥሏት አይሄድም ይላሉ። ዛሬ ግን አብዛኛው የሚያዘው ኪሎሜትሮች በሚዘረጋ ባለብዙ መንጠቆ ገመድ ነው። የሰሜን አትላንቲኩ ክምችት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ክፉኛ ተመናምኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የመያዣ ኮታው ከጠበቀ በኋላ በአሥር ዓመት ውስጥ አገግሟል። ሥጋው ጠንካራና ጣፋጭ ቢሆንም ሜርኩሪ ስለሚከማችበት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ነፍሰ ጡሮች እንዳይበሉት ይመክራል።