ቆርቆሮ የማይወደው ሶፍትዌር

ከተራ ፎቶ ስሪ ዲ የሚሠራው ሶፍትዌር የሣር ክዳን ይወዳል፣ ቆርቆሮ ይጠላል። ቀልድ አይደለም። በአንዱ ፎቶ ላይ ያገኛትን ነጥብ፣ ስንጥቅም ትሁን የድንጋይ ጠርዝ፣ በሌሎቹ ፎቶዎች ላይ ይፈልጋታል። ካገኛት ነጥቧ የት እንዳለችና ፎቶዎቹ ከየት እንደተነሱ አብሮ ያሰላል። በኖራ የተቀባ ግድግዳ የሚያዝ ነጥብ የለውም። የቆርቆሮው ሸንተረር ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ነጸብራቁም አንሺው በተራመደ ቁጥር አብሮ ይሄዳል። በደቡብ ወሎ፣ በቦረናና በሳይንት ገጠር የቀሩት የድንጋይ ካብና የሣር ክዳን ቤቶች ግን ለሶፍትዌሩ ድግስ ናቸው። ለማንሳት የሚመቸው ቶሎ የሚፈርሰው መሆኑ ነው የሚያስቸኩለኝ።

የቅየሳ ባለሙያ ነኝ፤ ለዚህ ሥራ ግን ስልክ ይበቃል። የሚያስቸግረው እግር ነው። የሚያግዙኝ ልጆች አንድ ቦታ ቆመው እየዞሩ ያነሳሉ። ቆሞ በመዞር ርቀት አይገኝም፤ አንድ ሁለት እርምጃ እየተራመዱ፣ አዲሱ ፎቶ የቀደመውን ከግማሽ በላይ እንዲደግም አድርጎ ቤቱን መዞር ነው። ሰው ደግሞ የሚያነሳው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው። አንድ ቄሰ ገበዝ፣ «ልጄ፣ ደጃፉ እያለልህ ጓሮውን ምን ያደርግልሃል?» ብለውኛል። «አባ፣ ያላነሳሁት ጎን ባዶ ሆኖ ይቀራል» አልኳቸው። ሜትሬንም ግድግዳው ሥር አስደግፋለሁ፤ የሚታወቅ ርዝመት ካልተሰጠው ሶፍትዌሩ ጎጆን ከቤተ መንግሥት አይለይም። እዚያው አካባቢ ባለው ደንቆሮ በሚባለው ጫካ በኩል ጉምና ነፋስ ካለ አለመድከም ነው፤ የሚወዛወዝ ሣር ጭቃ መስሎ ይወጣል።

ጥሬ ፎቶ ከተቀመጠ ስሪ ዲው ዘግይቶም ይሠራል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ተገኝተዋል፦ 8281 ሰሌዳ፣ በየሰሌዳው አራት ፎቶ። ያነሷቸው ለእኛ ብለው አልነበረም። ሆኖም ተከታታዮቹ 60 በመቶ ያህል ስለሚደራረቡ፣ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ80 ዓመት ገደማ በኋላ በዚሁ ዓይነት ሶፍትዌር የ1935ን ደጋ መሬት መልሰው አወጡት። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ የከፈተው ፎቶሲንዝ የተባለ የፎቶ መገጣጠሚያ ድረ ገጽ በ2017 ተዘጋ፤ ሰዎች እዚያ የገጣጠሙት ሥዕልም አብሮ ከድረ ገጹ ወረደ። ፎቶውን ያስቀመጠ ሰው ግን ዛሬ በአዲሱ ዘዴ ከቀድሞው አሳምሮ ይሠራዋል።

ስለዚህ ቤቶቹን ላነሳሁለት ደብር የማስረክበው ስሪ ዲውን ብቻ አይደለም። ጥሬ ፎቶዎቹን ሳልቆርጥ፣ ሳላሳምር፣ የሜትሩን ርዝመትና ቀኑን ጽፌ በሁለት ፍላሽ እሰጣለሁ፤ አንዱ ዕቃ ቤት ይገባል፣ አንዱ ጸሐፊው ዘንድ ይቀመጣል። ፍላሽም ስለሚበላሽ በየዓመቱ ወደ አዲስ እንዲገለበጥ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተነጋግረናል።