ከአዳም በአንድ ቀን የሚቀድሙ ጎረቤቶቻችን

ቅዳሴ ወጥቶ ምእመናን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደየቤታቸው ሲበተኑ፥ ዐይኑን ከምድር አንሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የተመለከተ ሰው፥ በጕልላቱ ዙሪያ ተሰልፈው ፀሐይ የሚሞቁትን ርግቦች ማየቱ አይቀርም፤ ነገር ግን አብዛኛው «ርግብ ናት» ብሎ ያልፋታል። ይህች ሰውነቷ የዳመና መልክ ያለው፥ በማጅራቷም ላይ ነጭ አንገትጌ የታሰረላት የምትመስል ርግብ፥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላው ዓለም የማትገኝ ናት። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ አገራችንን ተዘዋውሮ ከተመለሰ በኋላ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1837 መልኳን ጽፎ ለሊቃውንት አስታውቋታል። ዛሬም ወፍ መመልከት የሚወዱ ሰዎች እርሷን ለማየት ባሕር ተሻግረው ሲመጡ፥ እኛ በልብስ ማስጫችን ላይ ስታርፍ እሽ ብለን እናባርራታለን።

በአክሲማሮስ (በስድስቱ ቀን ፍጥረት) ትምህርት እንደምንሰማው፥ አዕዋፍ የተፈጠሩት በዕለተ ሐሙስ ሲሆን አዳም የተፈጠረው በማግሥቱ በዕለተ ዓርብ ነው። አንድ ቀንም ብትሆን ቀዳሚነት ቀዳሚነት ናትና፥ በዚህ ዓለም ርስት ወፍ ከሰው ይልቅ ነባር ናት ብል አባቶች የሚቆጡኝ አይመስለኝም።

እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ግን፥ የበሬውን ጠጉር ዳማ፥ ቦራ፥ ዳልቻ እያለ የሚለይ፥ የጤፉንም ዐይነት በዐይኑ ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ፥ በጓሮው ቁጥቋጦ ውስጥ የሚመላለሱትን ትንንሽ አዕዋፍ በሙሉ «ወፍ» በሚል በአንድ ስም መጠቅለሉ ነው። በመስከረም አደይ አበባ ሲፈነዳ፥ ሆዷ ቢጫ የሆነች፥ ጅራቷን ሳታቋርጥ ከፍ ዝቅ የምታደርግ ቀጭን ወፍ በሣሩ ላይ ዝንብ ስታሳድድ ትታያለች፤ ክብደቷ ወደ 20 ግራም ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ፥ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ ተነሥታ፥ በረሃውንና ባሕሩን አቋርጣ፥ ክረምቱን ከእኛ ጋር ለማሳለፍ የመጣች እንግዳ ናት። (ክረምት ስል የእነርሱን ብርድ ማለቴ ነው፤ የእኛማ ክረምት እርሷ ስትመጣ አልቋል።) በጾምና በበዓል እንግዳ መቀበልን የምናውቅ ሰዎች፥ ይህችን ያህል መንገድ የመጣችውን እንግዳ አለማወቃችን ያሳፍራል።

ስለ ውብ ወፍ መናገር ቀላል ነው፤ ስለ ጥንብ አንሳ ለመናገር ግን ድፍረት ይጠይቃል። በቄራ አካባቢና በከተማ ጠርዝ በረጃጅም ዛፎች ላይ ትከሻውን ሰብስቦ የሚቀመጠው፥ ራሱ መላጣ የሆነው ትንሹ ጥንብ አንሳ፥ በ2008 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2015) ከሌሎች የአፍሪካ ጥንብ አንሳዎች ጋር እጅግ አስጊ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ፍጥረታት መዝገብ ገብቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ መርዝ ነው፤ ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ በጥንብ ላይ የሚነሰነሰው መርዝ፥ ጥንቡን ሊያጸዳ የመጣውን ሁሉ በአንድ ማዕድ ይፈጃልና። የዚህ ወፍ ሆድ የብዙ በሽታ ተዋሕስያንን የሚያጠፋ ብርቱ አሲድ ስላለው፥ እኛን የሚያስጨንቀንን ጥንብ እርሱ ያለ ደመወዝ ያስወግድልናል። በህንድ አገር ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ለከብት ይሰጥ ስለ ነበር፥ መድኃኒቱን የወሰደውን ከብት ሥጋ የበሉት ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየተበላሸ፥ ከሦስቱ ዋና ዋና ዘሮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶው ከ90 የሚበልጠው አለቀ፤ ሳይነሣ የቀረውን ጥንብ ውሾች ወረሱት፥ የእብድ ውሻ በሽታ ፍርሃትም ከእነርሱ ጋር በዛ። የህንድ መንግሥት መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ነው።

የእኛና የአራዊት ኑሮ ምን ያህል እንደ ተያያዘ የሚያስረዳ ሌላ ነገር ደግሞ ከትግራይ ተሰምቷል። ጊደይ ይርጋ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ጅቦች የጣሉትን ዐይነ ምድር እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘውን ጠጉር ሲመረምሩ፥ በዐቢይ ጾም የሥጋ ትርፍራፊ ሲያልቅ ጅቦቹ አህያ መግደልን ማብዛታቸውን አገኙ፤ የአህያ ጠጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት ከመቶው 15 ያህል የነበረው፥ በጾሙ ወራት ወደ 33 አደገ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ቀነሰ። ጅብ ሁዳዴን በእርግጥ አይጾምም፤ ዳሩ ግን የእኛ ጾም እስከ ሆዱ ይደርሳል። ጥናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ታትሟል።

ታዲያ ለእነዚህ ጎረቤቶቻችን በአንድ ግቢ ምን ማድረግ ይቻላል? ባሕር ዛፍ ከመደርደር ይልቅ ኮርች፥ ወይራ፥ ጽድ ወይም ዋንዛ አንድ ዛፍ መትከል፤ በበጋው ሙቀት ጥልቅ ባልሆነ ሸክላ ውኃ ማኖር፤ ጎጆ የተሠራበትን ቅርንጫፍ ጫጩቶቹ እስኪበሩ አለመቁረጥ። እስስትንም መርዝ የላትምና በድንጋይ አለማሳደድ። ከሁሉም ይልቅ የአይጥ መርዝን ማሰብ ይገባል፤ መርዙን የበላች አይጥ እየተንገዳገደች ስትወጣ ፈጥኖ የሚያገኛት ጉጉት ነውና።

ከጉጉት ጋር ያለን ጠብ ግን የቆየ ነው። በጎረቤቴ በእማማ ግቢ በቆመው ጽድ ላይ አንድ ጉጉት መኖር ስትጀምር፥ እማማ «ልጄ፥ ይህች ሟርተኛ ሞት ልትጠራብን ነው፤ በወንጭፍ አስወርድልኝ» አሉኝ። እኔም ወንጭፉን ትቼ ከዛፉ ሥር ጉጉቷ የተፋችውን፥ የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ያለውን የጠጉር ድብልብል አንሥቼ፥ በፊታቸው በስንጥር ፈለቀቅሁት፤ የሦስት አይጦች የራስ ቅል ከነጥርሱ ወጣ። እማማ መነጽራቸውን አውልቀው፥ ጠርገው፥ መልሰው አጥልቀው፥ አንድ በአንድ ቆጠሩት።

«አይጦቹ የእኔ ጎተራ አይጦች ናቸው?» አሉ።

«ከዚህ ወዲያ ጎተራ የለም፥ እማማ።»

ዝም ብለው ቆዩና፥ «እንግዲያስ ትቀመጥ» አሉኝ፤ «ግን ሌሊት አትጩኽብኝ በልልኝ።»